«ፕሮሰስህ እስኪያልቅ አትፍቀር» ለምትሉ



ዛሬ ስለ ራሽን አልጽፍም። ስለ መታወቂያ እድሳትም አልጽፍም። ያንን ከዚህ በፊት ብዙ ጽፌያለሁ፣ ወደፊትም እጽፋለሁ፣ ጉዳዩ የትም አይሄድብኝም። ዛሬ የምጽፈው ስለ ወንድና ሴት መፈላለግ፣ ስለ ኳስ፣ ስለ ዘፈንና ስለ ጓደኛ ነው። «መምህር፣ ሰው ሆዱ ባዶ ሆኖ ስለ ኳስ ታወራለህ?» የሚል ኮሜንት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ይምጣ። ብቻ እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ከዚያ ስደቡኝ።

እዚህ ካኩማ ያለ ወጣት ሁሉ ከቤተሰቡም፣ ከሽማግሌውም፣ ከራሱ ከውስጡም የሚሰማው አንድ ምክር አለ፤ «እስክትወጣ ታገስ»። ፍቅር? ስትወጣ። ትዳር? ስትወጣ። ጊታር መማር? እዚያ ስትደርስ። ኳስ? ልጅ ነህ እንዴ፣ ኢንተርቪው እያለብህ። ምክሩ በቅንነት የሚሰጥ ነው። እኔ ግን ልጆቻችንን እየጎዳቸው ነው እላለሁ፤ በየቀኑ ክፍል ውስጥ ስለማያቸው ነው የምለው። ይህ «ጊዜያዊ» የሚባል ካምፕ የተከፈተው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1992 ነው። ያኔ እዚህ የተወለደ ልጅ ዛሬ የእኔ እኩያ ነው፤ አንዳንዱም ፀጉሩ ሸሽቷል። «እስክትወጣ» የሚለው ቃል አንድ ሙሉ የሰው ወጣትነት ይበላል ማለት ነው፤ ሲበላም አይቻለሁ።

ለመጻፍ የገፋፋኝ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። አሁን ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ፎርም ፎርን ጨርሶ ስልክ ይጠግናል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የሚወዳት ልጅ ነበረችው፤ እሷም ትወደው ነበር፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ያኔ ኬዙ ወደ አሜሪካ ተመርቷል። አክስቱ ከሜኒሶታ በየሳምንቱ በቮይስ ይመክሩታል፤ «የኔ ልጅ፣ አሁን ሴት ከገባችበት ፋይልህ ይዘገያል። ብቻህን ናልኝ፣ እዚህ ስትደርስ እኛው እንድርሃለን።» ልጁ ታዛዥ ነው። ልጅቷን «ጠብቂኝ» እንኳ ሳይላት ራቃት፤ ጠብቂኝ ማለት ራሱ ቃል መግባት ነው ብሎ ፈርቶ። የሕክምና ምርመራውን ጨረሰ፣ ስለ አሜሪካ ኑሮ የሚሰጠውን ትምህርት ጨረሰ፣ ሻንጣ ገዛ። ከዚያ ጃንዋሪ 2025 መጣ። አዲሱ የአሜሪካ አስተዳደር የስደተኞች ማስፈሪያ ፕሮግራሙን አገደ፣ ትኬት የተቆረጠላቸው ሰዎች ሳይቀሩ ጉዟቸው ተሰረዘ። ቀሪውን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ያን ሰሞን እዚህ ያለቀሰ ሰው ብዙ ነው።

ልጅቷ ዛሬ ሌላ አግብታ ካሎቤዬ ትኖራለች። ሻንጣው አልጋው ሥር ነው።

አክስቱን አልወቅስም። እሳቸውም በአንድ ወቅት ስደተኛ ነበሩ፣ ፋይል ምን እንደሆነ ያውቃሉ። የነገሩት ነገርም ሐሰት አይደለም። ኬዝ ውስጥ ሰው ሲጨመር አዲስ ቃለ መጠይቅ ይመጣል፣ አዲስ ምርመራ ይመጣል፣ ጊዜ ይወስዳል። የእኔ ክርክር ሒሳቡ ላይ ነው። አክስት ሲያሰሉ በአንድ በኩል የሚዘገየውን ወራት አስቀመጡ፤ በሌላ በኩል ግን ምንም አላስቀመጡም። ልጁ ለዓመታት ያጣው ነገር ዋጋ እንዳለው አልቆጠሩትም። ይህንን ነው ዛሬ እንድንቆጥረው የምፈልገው።

እስቲ ከመፈላለግ እንጀምር፣ ማፈር የለም።

እኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ አላገባሁም። ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገድ ዳር ቡና የምታፈላ ሴት አለች። አቦሉን የምጠጣው ለራስ ምታቴ ነው። ቶናውን ለጨዋታው። በረካ ድረስ የምቀመጠው ግን ለምን እንደሆነ ጓደኞቼ ያውቃሉ፣ እሷም ሳታውቅ አትቀርም። ስሟን አልጽፍም፤ ፌስቡክ ላይ አለች፣ ይህንንም ታነበዋለች፣ ነገ ስሄድ ስኳር ትከለክለኛለች። ይህን የምነግራችሁ ለቀልድ ብቻ አይደለም። ከመቶ በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል፣ ቆርቆሮው በጋለበት ሰዓት፣ ፊዚክስ ሳስተምር ውዬ ስወጣ ቀኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆንብኛል። እዚያች ዱካ ላይ ስቀመጥ ግን ሸሚዜን አየዋለሁ፤ ተጨማድዷል ወይ እላለሁ። ሰው ሲያምርህ ለራስህም ሰው መሆንህ ትዝ ይልሃል። የከሰል ካውያ ተውሶ ሱሪውን የሚተኩስ፣ ለአንዲት ልጅ ብሎ ስዋሂሊውን የሚያሻሽል ጎረምሳ ሳይ ደስ ይለኛል። ያ ልጅ ነገን አስቧል። የምፈራው ለማንም ፀጉሩን ማበጠር የተወውን ነው። እሱን ነው ቤቱ ድረስ ሄዶ ማየት።

አንድ ነገር ግን ወንዶች ስሙኝማ። እኛ ስለ ፍቅር ስናወራ ሁልጊዜ በወንድ ዓይን ነው። እስቲ በሷ በኩል ዙራችሁ እዩት። ልጅቷ ጠዋት ለውሃ ተሰልፋለች፣ ከሰል ፈልጋለች፣ ታናናሾቿን አብልታ ትምህርት ቤት መጥታለች። መንገድ ላይ አምስት ወንድ ስሟን ይጠራል። ቁጥሯን ከጓደኛዋ ስልክ ሰርቆ በሌሊት መደወል ጠበሳ አይባልም፤ ማስቸገር ነው። አይሆንም ካለች አይሆንም ነው፣ «እያግደረደረች ነው» የሚባለውን ተረት ተውት። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ኬዙን ማጥመጃ ያደረገው ወንድ ነው። «ኬዜ ላይ አስገባሻለሁ፣ አብረን ካናዳ እንሄዳለን» ብሎ ልጅቷን ዓመት ሙሉ ይዟት፣ ልብስ አሳጥቧት፣ ምግብ አሠርቷት፣ የጉዞው ቀን ሲደርስ ለብቻው አውሮፕላን የወጣ ሰው አውቃለሁ። እናንተም ታውቃላችሁ። እንደዚህ ያለውን ሰው «ብልጥ ነው» ብለን መሳቅ ካላቆምን ስለ ልጆቻችን ክብር ባናወራ ይሻለናል።

ከልባችሁ የምትዋደዱ ደግሞ፣ ከተጋባችሁ ንገሩ። ቢሮ ሄዳችሁ አስመዝግቡ። «ላጤ ነኝ ብዬ ልሂድና በኋላ አመጣታለሁ» የሚል ምክር በየሻይ ቤቱ ይዞራል። ይህ ምክር ብዙ ቤት አፍርሷል። ካናዳን በመሳሰሉ አገሮች ስትገባ ያላስመዘገብከውን የትዳር ጓደኛ በኋላ በቤተሰብ ማስመጣት እጅግ ከባድ ነው፤ ሕጉ ራሱ «ያኔ ለምን አልተናገርክም» ይልሃል። ከዓመታት በኋላ ስልክ ላይ ከሚያለቅሱ ሁለት ሰዎች ዛሬ ፋይላቸው ስድስት ወር የዘገየባቸው ሁለት ሰዎች ይሻላሉ። ለኬዝ ሲባል መጋባትም ያው ነው፤ ቃለ መጠይቁ ላይ ሁለታችሁንም ለየብቻ እንደሚጠይቋችሁ አትርሱ፣ ከዚያም ወዲያ አብሮ መኖር አለ።

«መምህር፣ ፍቅር ብለህ ስታበረታታ በየድንኳኑ ልጅ ይወለዳል፣ ማን ያበላዋል?» የሚሉ እናቶች አሉ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ነገር ግን እናቶቼ፣ ልጅ በጨለማ የሚወለደው ፍቅር ስለተፈቀደ ሳይሆን ስለተደበቀ ነው። ልጃችሁ ማንን እንደሚወድ በግልጽ ሊነግራችሁ ከቻለ፣ ስለ ጤና ጣቢያና ስለ ጥንቃቄም ልትነግሩት ትችላላችሁ። የሚሸሸጋችሁን ልጅ ግን ምን ብላችሁ ትመክሩታላችሁ?

ወደ ኳስ ልለፍ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ታገሱኝ።

ፀሐይ ስትበርድ፣ ወደ አስር ሰዓት ግድም፣ ካምፑ ሌላ ቦታ ይሆናል። (በነገራችን ላይ ስዋሂሊም ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛው ነው፤ «ሳ ኩሚ» ሲሉህ አስር ሰዓት ነው። ፈረንጅ ብቻ ነው እዚህ ሰዓት የሚሳሳተው።) አቧራው ላይ ሁለት ድንጋይ ጎል ይሆናል። በባዶ እግር፣ በአንድ እግር ጫማ፣ በተቀደደ ካልሲ። ኮንጎው በስዋሂሊ፣ ደቡብ ሱዳኑ በዓረብኛ፣ ሶማሌው በሶማሊኛ፣ የእኛ ልጅ በአማርኛ ይጮሃል፤ ሁሉም «ፓስ!» የሚለውን ይሰማል። ማታ ደግሞ ዲሽ ያለበት ቤት ጥቂት ሽልንግ ከፍሎ ፕሪምየር ሊግ ማየት አለ። ጄኔሬተሩ ፍፁም ቅጣት ምት ሊመታ ሲል ይጠፋል፤ ይህ የካኩማ ሕግ ነው። የአርሰናል ደጋፊዎች ትዕግሥትን ከእኛ ከስደተኞች ነው የተማሩት ወይስ እኛ ከነሱ፣ ገና አልተወሰነም።

ድርጅቶች ስለ ኳስ ሲጽፉ «የሥነ ልቦና ድጋፍ» ይሉታል። ወጣቱን ከመጥፎ ነገር ይጠብቃል፣ ሰላም ያመጣል ይላሉ። ላይዋሹ ይችላሉ፣ እኔ ግን ቃሉ ደስ አይለኝም። ኳስን የምንጫወተው ስለሚያስደስተን ነው። የለንደን ልጅ ኳስ ሲጫወት ማንም «የሥነ ልቦና ድጋፍ እያገኘ ነው» አይለውም። እኛስ ለምን ደስታችንን በመድኃኒት ስም እንጠራዋለን? ቤተሰብም ያው ነው፤ ልጁ ኳስ ሲጫወት ይቆጡትና አንድ ቀን ታዋቂ ተጫዋች ሊሆን ይችላል ሲባል ዝም ይላሉ። ጥቅም ካለው ይፈቀዳል ማለት ነው።

ጥቅም ከጠየቃችሁ ደግሞ አለ። አወር ማቢል በ1995 የተወለደው እዚሁ ካኩማ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ እዚህ ኳስ ሲያባርር ቆይቶ ቤተሰቡ ወደ አውስትራሊያ ሄደ። በጁን 2022 አውስትራሊያ ከፔሩ ጋር ለዓለም ዋንጫ ማለፊያ ስትጫወት ፍፁም ቅጣት ምት ካስቆጠሩት አንዱ እሱ ነበር፤ ኳታርም ሄደ። ሮዝ ናቲኬ ሎኮንየንን አስታውሱ። በአሥር ዓመቷ ግድም ከደቡብ ሱዳን ሸሽታ እዚህ የገባች ልጅ ናት። ሁለተኛ ደረጃ ትማር ሳለ አንድ መምህር «10 ኪሎ ሜትር ሩጪ» አላት፤ ምንም ልምምድ ሳታደርግ ሮጣ ሁለተኛ ወጣች። በ2016 ሪዮ ላይ በታሪክ የመጀመሪያው የስደተኞች የኦሎምፒክ ቡድን ሲገባ ባንዲራውን የያዘችው እሷ ናት። ከአሥሩ የቡድኑ አባላት አምስቱ ከካኩማ የተመረጡ ደቡብ ሱዳናውያን ሯጮች ነበሩ፣ በቴግላ ሎሩፔ የሠለጠኑ። ከአሥሩ አንዱ ደግሞ የእኛው ሰው ዮናስ ክንዴ ነው፤ ሉክሰምበርግ በስደት እየኖረ የሪዮን ማራቶን ሮጦ ጨርሷል።

የሮዝን ታሪክ ሳነብ ዓይኔ የሚቆመው ያ መምህር ላይ ነው። «ትምህርትሽ ይበልጣል፣ ሩጫ ለማን ጠቀመ» ቢላትስ ኖሮ? ወይም «መጀመሪያ ውጪ አገር ውጪ» ቢላትስ?

እንዲህም ሆኖ ግን ልጆቼን «እንደ ማቢል ሁኑ» አልላቸውም። አብዛኞቻቸው አይሆኑም። ማንም ሳያያቸው፣ ማንም ሳይመለምላቸው፣ ሃምሳ ዓመት ሲሞላቸው «አንድ ቀን ሦስት ጎል አገባሁ» እያሉ ይኖራሉ። ያም በቂ ነው። የእኔ አባት እንደዚያ ነበር፤ ስለዚያች ሦስተኛ ጎል ስንት ጊዜ እንደሰማሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ውጪ ላላችሁ ወገኖቼም አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። የሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን የተመሠረተው በ1984 ነው። ያኔ እዚያ ከነበሩት ብዙዎቹ ከደርግ የሸሹ፣ በሱዳን በኩል የወጡ፣ ገና ቋንቋ ያልያዙ፣ ፓርኪንግና ታክሲ የሚሠሩ ወጣቶች ነበሩ። «መጀመሪያ ኑሯችንን እናደላድል» አላሉም። ኳስ ይዘው ሜዳ ወጡ። ዛሬ በየዓመቱ ጁላይ መጀመሪያ ላይ በአንዱ ከተማ ስንት ሺህ ሰው የሚሰበሰበው፣ ቀን ኳስ ማታ ዘፈን የሚሆነው፣ ለሃያ ዓመት የተጠፋፋ የሰፈር ልጅ የሚተቃቀፈው፣ ስንቱ ትዳሩን ያገኘው እነዚያ ወጣቶች ስላልጠበቁ ነው። ታዲያ እናንተ በዚያ ሜዳ ላይ ተገናኝታችሁ ተጋብታችሁ፣ እኛን በስልክ «ኳስና ሴት ተው» ስትሉን ትንሽ አይከብድም?

ኳስ ላይ አንድ የምጠላው ነገር አለ፤ ቤቲንግ። እሱን ጨዋታ አትበሉት። ለዱቄት የተላከ ኤምፔሳ በአንድ ምሽት በስድስት ግጥሚያ ሲያልቅ አይቻለሁ። ልጁ ጨዋታውን እንኳ አያየውም፣ ስልኩን ነው የሚያየው። የሚደግፈው ክለብ ጎል ሲያገባ የሚናደድ ደጋፊ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቲኬቱ ላይ አቻ ስላለ ነው። ኳስን የወሰደብን እሱ ነው። ቤተሰቦች፣ ልትቆጡ ከፈለጋችሁ እዚህ ላይ ተቆጡ፣ እኔም አግዛችኋለሁ።

ወደ ሙዚቃ። እዚህ ጠንከር ያለ ነገር ልናገር ነው።

ጎረቤቴ ኮንጎ ነው፣ ሁለት ክሩ የጠፋበት ጊታር አለው። የነሱ ሩምባ በ2021 ዩኔስኮ መዝግቦታል፤ ይህን በየቀኑ ሳይነግረኝ አያድርም። አንድ ማታ በስልኬ ትዝታ ከፍቼ ሰማ። «ይህ ሰውዬ ማን ሞተበት?» አለኝ። ማንም አልሞተበትም፣ አገሩን አስታውሶ ነው አልኩት። ዝም ብሎ አዳመጠ፤ ከዚያ በቀሩት አራት ክሮች ሲፈልግ ሲፈልግ ዜማውን አገኘው። ሱዳኖች ደግሞ ማስረዳት አያስፈልጋቸውም፤ ቅኝታቸው እንደኛው በአምስት ድምፅ የሚሄድ ስለሆነ ጥላሁን ገሠሠን ስትከፍትላቸው ትከሻቸው ቀድሞ ይሰማል። እኛም ሞሐመድ ወርዲን ስንሰማ ዓረብኛ ሳናውቅ እንዘፍናለን። አምስት ዓመት ሙሉ በስብሰባ «አብሮ መኖር» እየተባለ የተሰጠን ሥልጠና ያላደረገውን ያ ጊታር በአንድ ማታ አድርጎታል።

ከሱዳንና ከኮንጎ ጋር እንዲህ የሆንን ሰዎች እርስ በርሳችን ምን ሆንን? በ2020 የሰሜኑ ጦርነት ከጀመረ ወዲህ በየሻይ ቤቱ ዘፈን መክፈት ፖለቲካ ሆኗል። ትግርኛ ከተከፈተ አንዱ ጠረጴዛ ይነሳል። ኦሮምኛ ከተከፈተ ሌላው ይነሳል። አማርኛ ከተከፈተ ደግሞ ሦስተኛው። ባለ ሻይ ቤቱ ሰለቸውና አሁን የናይጄሪያ ዘፈን ብቻ ይከፍታል፤ ማንም ስለማይሰማው ማንም አይጣላም። እኔ ይህ ያሳፍረኛል። ሃጫሉ ሁንዴሳ በ2020 ሲገደል ኦሮምኛ አንድ ቃል የማይሰሙ ልጆች እዚህ ዘፈኑን ከፍተው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ዳዊት ነጋ በ2022 ሲያርፍም ትግርኛ የማይችሉ ሰዎች ሐዘን ተቀምጠዋል። ያ ልባችን የት ሄደ? አንድ ሰው በልጅነት ቋንቋው ሲያንጎራጉር መስማትና የጦር መግለጫ መስማት አንድ አይደለም። በዘፈኑ ውስጥ ጥላቻ ካለበት አትክፈቱ፣ ያንን እኔም አልከፍትም። ስለ እናት፣ ስለ ፍቅር፣ ስለ ማሳ የተዘፈነን ግን በቋንቋው ብቻ ማጥፋት የሸሸነውን ነገር ተሸክመን መምጣት ነው።

በዚህ ምክንያት የተለያዩ ጓደኛሞች አሉ። አንድ ምንጣፍ ላይ የተኙ፣ ከሞያሌ ጀምሮ አንድ ጠርሙስ ውሃ የተካፈሉ ልጆች፣ አሁን ፌስቡክ ላይ ማን ምን ላይክ እንዳደረገ ተያይተው ሰላም አይባባሉም። ስማችሁን አልጠራም። ይህንን እያነበባችሁ ነው። አንዳችሁ ወባ ሲይዛችሁ ጤና ጣቢያ የሚያደርሳችሁ ላይክ ያደረጋችሁለት ፖለቲከኛ ነው ወይስ ያ ያኮረፋችሁት ልጅ?

ስለ ጓደኛ አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፣ ከዚያ እለቃችኋለሁ። የካምፕ ጓደኝነት ክፉ ነገር አለው፤ ሰው ይሄዳል። እኛ አምስት ጀለሶች ነበርን። ሁለቱ ሄደዋል፣ አንዱ ናይሮቢ ገብቷል፣ ሁለት ቀርተናል። የቴሌግራም ግሩፓችን መጀመሪያ ቀን ከሌት ይጮህ ነበር፤ አሁን በዓል ሲሆን «መልካም በዓል» ይላል። ብዙ ልጆች ይህን አይተው «ጓደኛ አልይዝም፣ የሚሄድ ሰው አልወድም» ይላሉ። በጣም ነው የማዝነው። የሄደው ሰው ስላልወደደህ አይደለም ዝም ያለው። መጋዘን ውስጥ ሌሊት ሠርቶ ቀን ይተኛል፤ አንተ ስትደውል «ምን ላኩልኝ ሊለኝ ይሆን» ብሎ ይፈራል፣ የሚልከው ስለሌለው ያፍራል። እስቲ አንድ ቀን ምንም ሳትጠይቀው የሜዳውን ቪዲዮ ላክለት። ማን እንደወደቀ፣ ማን ባዶ ጎል እንደሳተ። እኔ ላኩ፤ ከአውስትራሊያ በሁለት ደቂቃ ውስጥ መልስ መጣ። የአሥራ አንድ ደቂቃ ቮይስ ነበር፤ ዘጠኙን ደቂቃ ይስቃል።

እናንተም የሄዳችሁ፣ ገንዘብ ከሌላችሁ አትደበቁ። እኛ ገንዘብ ስላላችሁ አልወደድናችሁም፤ ስንዋደድ ማናችንም አልነበረንም።

ለቤተሰቦች የምጠይቀው ቀላል ነው። ስትደውሉ «ፕሮሰስህ የት ደረሰ?» የሚለውን ጥያቄ ሁለተኛ አድርጉት። መጀመሪያ ሌላ ነገር ጠይቁ። ከማን ጋር ነው የምትበላው በሉት። ማንን አየህ፣ ምን ሰማህ፣ እሑድ ተጫወትክ ወይ፣ ያቺ ልጅ እንዴት ናት በሉት። የፋይሉን መልስ እሱም አያውቀውም፤ በጠየቃችሁት ቁጥር ጥፋተኛ ሆኖ ነው የሚያድረው። ስለ ኳሱ ስትጠይቁት ግን የሚመልሰው ነገር አለው። ልጃችሁ ሴት ከሆነችም እንዲሁ፤ «አግቢ» ወይም «አታግቢ» ከማለታችሁ በፊት የሚያስቃት ጓደኛ እንዳላት ጠይቋት።

ስለ ሴቶች ካነሳሁ፣ ሜዳውን ከነገ ወዲያ ጀምሮ ማክሰኞና ሐሙስ ለሴት ልጆች ለመልቀቅ ከሌሎቹ ቡድኖች ጋር ተነጋግረናል። አንዳንድ ወንዶች አኩርፈዋል። ያልፍላቸዋል።

እሑድ አስር ሰዓት የተለመደው ግጥሚያ አለ። በዘር አንከፋፈልም፤ ከኮፍያ ውስጥ ወረቀት እያወጣን ነው ቡድን የምንመርጠው፤ ስለዚህ ካኮረፍከው ልጅ ጋር አንድ ቡድን ሊደርስህ ይችላል፣ ቀድሜ ተናግሬያለሁ። ያ ባለ ሻንጣ ተማሪዬም እጫወታለሁ ብሎኛል፣ ተከላካይ ነው። ኳሷ ደህና ናት፤ የፖምፓው መርፌ ግን ጠፍታለች። ያለው ሰው እስከ ቅዳሜ ማታ ይዞልኝ ይምጣ።